ቀጰዶቅያ ወይስ ፓሙካሌ?

ዕቃ ሊገዛ ወደ ኢስታንቡል የሄደ ነጋዴ ጉዳዩን ፈጽሞ ሁለት ቀን ቢተርፈው፣ በቱርክ አገር ካሉት ሁለት ድንቅ የድንጋይ ሥፍራዎች የትኛውን ይምረጥ? ዩኔስኮ ቀጰዶቅያን እ.ኤ.አ. በ1985፣ ፓሙካሌን በ1988 በዓለም ቅርስነት ስለ መዘገባቸው በዝና አይበላለጡም። «ሁለት ባላ ትከል» ማለት ለንግድ መልካም ምክር ቢሆንም ለዚህ ጉዞ ግን አይሆንም፤ ሁለቱ በመኪና መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉና።

ቀጰዶቅያ ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው አገር ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣው አመድ ረግቶ ለስላሳ ድንጋይ ሆነ፤ ዝናምና ነፋስም እየሸረሸሩት ባርኔጣ የደፋ ዓምድ አስመሰሉት። የጥንት ክርስቲያኖች በዚሁ ድንጋይ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ፈልፍለዋልና ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። መግቢያው ካይሰሪ፣ ቅዱስ ባስልዮስ በጵጵስና የተሾመባት የጥንቷ ቂሣርያ ስትሆን፣ ዛሬ በቤት ዕቃ ፋብሪካዎቿ ትታወቃለች።

ፓሙካሌ በቱርክኛ «የጥጥ ምሽግ» ማለት ነው። ከምድር የሚፈልቀው ፍል ውሃ የተሸከመውን ኖራ እያስቀረ በኮረብታው ጎን ነጭ እርከን ሠርቷል፤ ጎብኚውም ጫማውን አውልቆ ይሄድበታል። ጎረቤቱ ደኒዝሊ የፎጣና የአንሶላ ፋብሪካዎች ከተማ ናት።

እንግዲህ ምርጫውን የንግዱ ዓይነት ቢወስነው ይሻላል። ወንበርና አልጋ የሚያስመጣ ወደ ቀጰዶቅያ፣ ፎጣና አንሶላ የሚሸጥ ወደ ፓሙካሌ ይሂድ። ከአምራቹ ጋር አስቀድሞ ቀጠሮ የያዘ ነጋዴ፣ ድንቁን አገር ከማየቱም በላይ ዕቃው ከሚሠራበት ቦታ ደርሶ ዋጋውን ያለ ደላላ ይነጋገራል።