ክሮስሄር 8 ሂሮና ባለቤቶቹ

ኮምፒውተር ሲገዛ ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ግራፊክስ ካርዱ የማይጠይቅ የለም። ማዘርቦርዱን ግን አብዛኛው ሰው የተሰጠውን ይወስዳል። ታዲያ ለማዘርቦርድ ብቻ ከ350 ዶላር በላይ የሚያወጡ ሰዎች ምን አግኝተውበት ነው? አሱስ በ2019 በአርኦጂ ስም ለገበያ ያቀረበው ክሮስሄር 8 ሂሮ ጥያቄውን ለመመርመር ይመቻል፤ ባለቤቶቹ ለዓመታት ሠርተውበታል፣ ደግ ደጉንም ክፉ ክፉውንም አይተዋል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ውድ ማዘርቦርድ ኮምፒውተርን እንደማያፈጥን ነው። አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር በዚህ ሰሌዳ ላይና ዋጋው ሲሶ በሆነ ሰሌዳ ላይ ቢሰካ፣ ርካሹ የኃይል አቅርቦቱ እስካላጠረው ድረስ፣ ጌሙም ሆነ የቪዲዮ ሥራው ያው ነው። ፍጥነት ፈልገው የገዙት ባለቤቶች ቅር ቢሰኙ አይገርምም። ገንዘቡ የሄደው ወደ ሌላ ነገር ነው።

አንዱ ኤሌክትሪክ ነው። ፓወር ሳፕላዩ ለፕሮሰሰሩ የሚልከው 12 ቮልት ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው ደግሞ ከ1.5 ቮልት በታች ነው። ይህን የሚቀንሱት በሶኬቱ ዙሪያ፣ ከብረት ማቀዝቀዣው ሥር የተደረደሩት ትናንሽ ቺፖችና ጥቅልሎች ናቸው። በክሮስሄር 8 ሂሮ ላይ እያንዳንዳቸው 60 አምፒር የሚችሉ 16 የኃይል ቺፖች አሉ፤ በድምሩ 960 አምፒር። የፕሮሰሰሩ አምራች ኤኤምዲ ግን 16 ኮር ላለው ራይዘን 9 3950ኤክስ የፈቀደው ከፍተኛ ፍጆታ 142 ዋት ነው፤ ለቅጽበት ሊስብ የሚችለውም 140 አምፒር። ታዲያ ይህ ሁሉ ትርፍ ለምን? ሸክሙ ለብዙዎች ሲከፋፈል እያንዳንዱ ቺፕ እምብዛም አይሞቅም፤ አጠገቡ ያሉት ካፓሲተሮችም ዕድሜያቸው ይረዝማል። ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያቀናብር ለሚያድር ማሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ ግማሹ ይበቃ ነበር ባይ ነኝ፤ ቀሪው ለማስታወቂያው ቁጥር እንዲያምር የተጨመረ ይመስለኛል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ባለቤቶቹን ያሳሰባቸው ግን ኤሌክትሪኩ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ፋን ነበረች። ሰሌዳው የተሠራበት ኤክስ570 ቺፕሴት ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4 የተባለውን ፈጣን የመረጃ መስመር ወደ ተራው ዴስክቶፕ ያመጣ የመጀመሪያው ስለነበር ሙቀቱ ከቀደሙት ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ ዓመት የወጡት የኤክስ570 ሰሌዳዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቺፕሴቱን የምታቀዘቅዝ ፋን ነበራቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩትን ሰሌዳዎች የሚያውቅ ሰው ስጋቱ ይገባዋል፤ ያኔ እንዲህ ያሉት ትናንሽ ፋኖች እየጮሁ ይሠሩና በመጨረሻ ይቆሙ ነበር። የዚህችኛዋ ድምፅ በሌሎቹ ፋኖች ስለሚዋጥ እምብዛም አይሰማም። ችግሩ ቦታዋ ነው፤ ከግራፊክስ ካርዱ ሥር ስለሆነች የካርዱን ሙቀት ትቀበላለች፣ አቧራም ይጠራቀምባታል። አሱስ በ2020 ዳርክ ሂሮ የተባለውን ፋን የሌለው ወንድሙን አወጣ፤ በ2021 ደግሞ ሌሎቹ አምራቾችም ፋን አልባ ሰሌዳዎችን ይዘው መጡ።

ከፋኗ ይልቅ ባለቤቶቹን ያደከማቸው ባዮሱ፣ ማለትም ሰሌዳውን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ነው። በሐምሌ 2019 ራይዘን 3000 ሲወጣ የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው የፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጥ ነበር። በዚህ የተነሳ ዴስቲኒ 2 የተባለው ጌም አልከፈት አለ፤ አንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶችም አልነሳ አሉ። መፍትሔው አዲስ ባዮስ መጫን ነበር። ከዚያ የባሰው በኋላ መጣ፦ ዩኤስቢው ሳይታሰብ ይቋረጥ ነበር። ኪቦርድ ለአንድ አፍታ ቢቋረጥ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም፤ ድምፅ በሚቀዳበት መካከል የመቅረጫው ካርድ ቢጠፋ ግን የቀኑ ሥራ ተበላሸ ማለት ነው። ብዙዎች ፒሲአይ ኤክስፕረሱን ከ4 ወደ 3 ዝቅ በማድረግ ችግሩን አቃለሉ፤ ያም ማለት ከገዙበት ምክንያት አንዱን አጠፉት። በየካቲት 2021 ኤኤምዲ ራሱ በይፋ ወጥቶ ችግሩ የገጠማቸው ሰዎች ዝርዝሩን እንዲልኩለት ጠየቀ። በሚያዝያም መፍትሔውን የያዙ ባዮሶች መውጣት ጀመሩ። ማስተካከያው የተገኘው ባለቤቶቹ ጠባዩን በትዕግሥት መዝግበው ስላቀረቡ ጭምር መሆኑን ልናስታውስላቸው ይገባል።

የባዮስ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ የቀደመው ክሮስሄር 7 ሂሮ ባለቤቶች ያሳለፉትም መነገር አለበት። በግንቦት 2020 ኤኤምዲ መጪዎቹ ፕሮሰሰሮች ይህ ሰሌዳ በተሠራበት በኤክስ470 ቺፕሴትና በመሰሎቹ ላይ እንደማይሠሩ አስታወቀ፤ የሰጠው ምክንያት ባዮሱ የሚቀመጥበት ቺፕ ጠባብ መሆኑ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ብዙ ገንዘብ አውጥተው የገዙ ሰዎች ተቆጡ፤ ቁጣቸውም ሰሚ አገኘ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው ውሳኔውን ቀየረ።

የውዱ ሰሌዳ ዋጋ በደንብ የሚታየው ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለ ዕለት ነው። ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ርካሹ ሰሌዳ ዝም ይላል፤ ጠጋኙ ራሙን፣ ካርዱን፣ ፓወር ሳፕላዩን ተራ በተራ እየቀየረ መሞከር ይኖርበታል። ክሮስሄር 8 ሂሮ ግን ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ባለሁለት አሃዝ ኮድ ያሳያል፤ 55 ካለ ራም አላገኘሁም ማለቱ ነው። የማስነሻ ቁልፉም እዚያው ሰሌዳው ላይ ስላለ ከሳጥኑ አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ መሞከር ይቻላል። ከኋላው ደግሞ ሁለት ቁልፎች አሉ፦ አንዱ የተበላሸ ሴቲንግን ይደመስሳል፤ ሌላው ፕሮሰሰርም ራምም ሳይሰካ፣ ከፍላሽ ላይ ብቻ ባዮሱን እንደገና ይጭናል። እኔ ብጠየቅ ከ16ቱ የኃይል ቺፖች ይልቅ ለእነዚህ ሁለት ቁልፎች ነው ገንዘቤን የማወጣው።

ቁልፎቹ በተለይ አዲስ አበባ ላለ ሰው ይጠቅማሉ። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ዋስትናው ግን ከተገዛበት አገር አብሮ አይመጣም። ባዮስ እየተጫነ መብራት ከጠፋ ተራው ሰሌዳ ከነአካቴው ሊቀር ይችላል፤ ይህኛው በፍላሽ ይመለሳል። ያም ቢሆን ባዮስ የሚቀይር ሰው ዩፒኤስ ይኑረው።

የትዕግሥቱ ዋጋ ዘግይቶ ነው የተከፈለው። በ2019 ባለ6 ኮሩን ራይዘን 5 3600 የሰኩ ሰዎች በ2020 መጨረሻ ባለ16 ኮሩን 5950ኤክስ፣ በ2022 ደግሞ ለጌም ተመራጭ የነበረውን 5800ኤክስ3ዲ ባዮስ ብቻ ቀይረው በዚያው ሰሌዳ ላይ ሰክተዋል። 5700ኤክስ3ዲ የወጣው በ2024 መጀመሪያ ነው፤ እሱንም ይቀበላል። እርግጥ ይህ የሶኬቱ፣ የኤኤም4፣ ጸጋ ስለሆነ ርካሾቹም ተካፍለውታል።

ፕሮሰሰር ሲቀየር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኤኤም4 እግሮቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ 1,331 ናቸው። ቴርማል ፔስቱ ሲደርቅ ፕሮሰሰሩን ከማቀዝቀዣው ጋር ያጣብቀዋል። ማቀዝቀዣው ወደ ላይ ሲጎተት ፕሮሰሰሩ ከተቆለፈው ሶኬት አብሮ ይነቀልና እግሮቹ ይጣመማሉ። የለመዱት መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አሠርተው ያሞቁታል፤ ካጠፉትና ገመዱን ከነቀሉ በኋላ ማቀዝቀዣውን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ እያዞሩ ያላቅቁታል።

ዛሬ ሰሌዳው በሁለተኛ እጅ ገበያ ይገኛል፤ ሶኬቱ ላይ የሚጣመም እግር ስለሌለ ከኢንቴል ሰሌዳዎች ይልቅ አገልግሎ መሸጥ ይስማማዋል። የሚገዛ ሰው የኮዷ መስኮት መብራቷን፣ አራቱም የራም ቦታዎች መሥራታቸውን፣ የኤም.2 ዲስክ ማሰሪያ ብሎኖች መኖራቸውን ይመልከት። የቺፕሴቷን ፋን ግን ግራፊክስ ካርዱን አስነቅሎ፣ ስትዞር ጆሮውን አስጠግቶ ይስማት፤ የምትንኳኳ ከሆነ መለወጫዋን ማግኘት ይኖርበታልና ዋጋው ላይ ያስቀንስ።