በሴት ሕፃናት ላይ የሚከሰት የብልት አካባቢ ብግነት፡ የባክቴሪያ ሚዛን፣ መንስኤዎችና ጥንቃቄ

ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ ሴት ልጆችን ከሚያጋጥሟቸው የሥነ ተዋልዶ አካላት የጤና ችግሮች መካከል በብዛት የሚታየው የብልት አካባቢ ብግነት ነው። ችግሩ በአብዛኛው ቀላልና በንጽሕና አጠባበቅ ብቻ የሚስተካከል ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሕመሙ መናገር እንደ ነውር ስለሚቆጠር ሕፃናት ይደብቁታል፣ ወላጆችም ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ ይዘገያሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ይገዛሉ። ይህ ጽሑፍ በወላይታ ሶዶ ከተማና በወላይታ ዞን ለሚገኙ ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና መምህራን ስለ ችግሩ ምንነትና ሊወሰድ ስለሚገባው ጥንቃቄ መሠረታዊ ግንዛቤ ይሰጣል።

የባክቴሪያ ሚዛን ምንድን ነው?

በሴት ልጅ ብልት ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። በአዋቂ ሴት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የብልትን ግድግዳ ያወፍራል፤ በግድግዳው ውስጥ የሚከማቸው ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ዓይነት ላክቶባሲለስ ለተባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች መኖ ይሆናል። እነዚህም አሲድ በማመንጨት የብልትን የአሲድነት መጠን (ፒኤች) ከ3.8 እስከ 4.5 ያደርሱታል፤ በዚህም ጎጂ ተህዋስያን እንዳይራቡ ይከላከላሉ።

በሕፃናት ግን ሁኔታው የተለየ ነው። አዲስ የተወለደች ሕፃን ከእናቷ ባገኘችው ኤስትሮጅን ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ ፈሳሽ ወይም ጥቂት ደም ሊታይባት ይችላል፤ ይህ ጤናማ ነው። ከሳምንታት በኋላ የሆርሞኑ መጠን ሲቀንስ የብልቷ ግድግዳ ይሳሳል፣ አሲድነቱ ይጠፋል፣ የላክቶባሲለስ ጥበቃም ይዳከማል። በተጨማሪም የሕፃናት የብልት ከንፈሮች ትንንሽ መሆናቸውና የመጸዳጃ አካል ቅርበት ከሰገራ የሚመጡ ባክቴሪያዎች በቀላሉ እንዲደርሱ ያደርጋል። ስለዚህ ሕፃናት የሚቆጡት በእናቶች ጥፋት ወይም በልጅቷ ጥፋት ሳይሆን በዕድሜያቸው ተፈጥሯዊ ሁኔታ ምክንያት ነው። የወር አበባ ከመጀመሩ ከወራት በፊት የሚታየው ሽታና ማሳከክ የሌለው ነጭ ፈሳሽም የዕድገት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም።

ብግነቱ በምን ምክንያት ይመጣል?

በአብዛኞቹ ሕፃናት አንድ ተለይቶ የሚታወቅ ተህዋስ አይገኝም። ከመጸዳጃ በኋላ ከኋላ ወደ ፊት መጥረግ፣ ጠባብና ከናይሎን የተሠራ የውስጥ ልብስ፣ እርጥብ ልብስ ለብሶ መቆየት፣ ጠንካራ ወይም ሽታ ያለው ሳሙና፣ እንዲሁም አፈር ላይ ከተጫወቱ በኋላ ሳይታጠቡ መቆየት ዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች ናቸው።

የተለየ መንስኤ ሲኖር ከሚከተሉት አንዱ ሊሆን ይችላል፦

- የጉሮሮና የቆዳ ሕመም የሚያስከትለው ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ፤ አካባቢውን በደማቁ ያቀላል።
- ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ፤ አንዳንድ ጊዜ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ያስከትላል።
- ነጭ ክር የምትመስል የአንጀት ትል፤ ሌሊት ከፊንጢጣ ወጥታ እንቁላል ስለምትጥል ሕፃኗን እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ታመጣለች።
- ወደ ብልት የገባ ባዕድ ነገር፣ ለምሳሌ የሶፍት ቁራጭ፤ መጥፎ ሽታ ያለውና የማይቆም ፈሳሽ ያስከትላል።

ብዙ ወላጆች መንስኤው ፈንገስ ነው ብለው ቅባት ይገዛሉ። ሆኖም ዳይፐር ካቆሙ በኋላ እስከ ጉርምስና ባለው ዕድሜ ፈንገስ እምብዛም አይታይም፤ ሲታይም በቅርቡ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የወሰደች ወይም የስኳር በሽታ ያለባት ልጅ መሆኗ መጣራት አለበት። ያለ ምርመራ የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች በማጥፋት ሚዛኑን ይበልጥ ያናጋል፤ የመድኃኒት መላመድንም ያስከትላል።

በወላይታ ዞን የአንጀት ትላትልን ሥርጭት ለመግታት ጌሺያሮ በተባለው ፕሮጀክት ማኅበረሰቡን በስፋት የማከምና የንጹሕ ውኃ፣ የመጸዳጃና የንጽሕና ሥራዎችን የማጣመር እንቅስቃሴ ተካሂዷል። የፕሮጀክቱ ስም በወላይትኛ ከንጽሕና ጋር የተያያዘ ነው። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ጥፍር መቁረጥና መጸዳጃ ቤትን በአግባቡ መጠቀም ለሆድ ትላትል የሚጠቅመውን ያህል ለሕፃናት ብልት ጤናም ይጠቅማሉ።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

- ሕፃኗ ከፊት ወደ ኋላ እንድትጠርግ ማስተማር፤ ከ5 ዓመት በታች ያለችውን አዋቂ ማገዝ።
- በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ንጹሕ ለብ ባለ ውኃ በሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ፤ ሳሙና አለመጨመር፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ማድረቅ። ውኃ በጄሪካን ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት ደግሞ ጥቂት ንጹሕ ውኃ በማንቆርቆሪያ ማፍሰስ ይበቃል።
- ሰፋ ያለ የጥጥ የውስጥ ልብስ ማልበስ፣ በየቀኑ መቀየር፣ በደንብ አለቅልቆ ፀሐይ ላይ ማስጣት።
- ጨው፣ ሎሚ፣ ቅጠላ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር ወደ ብልት ፈጽሞ አለማስገባት።

በዚህ ጥንቃቄ ቀላል ብግነት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻላል። ትል ሲገኝ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በአንድ ጊዜ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይደገማል።

መቼ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል?

ደም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ቁስል፣ ነጭ የሆነ የቆዳ ለውጥ፣ ወይም በሁለት ሳምንት የማይሻል ማሳከክ ከታየ ልጅቷን ሳይዘገዩ ማስመርመር ያስፈልጋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች በጤና ኬላ ምክር ይሰጣሉ፤ ምርመራና ሕክምና በጤና ጣቢያ ይገኛል። ከፍተኛ ክትትል የሚያስፈልጋት ልጅ በሪፈር ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ትላካለች።

ወላጆች ምርመራው ድንግልናን ይጎዳል የሚል ሥጋት ሊኖራቸው አይገባም። የተለመደው ምርመራ እናት ወይም አሳዳጊ ባለችበት አካባቢውን ከውጭ በመመልከት የሚከናወን ነው። በዚህ ዕድሜ የሚከሰተው የተለመደ ብግነትም የልጅቷን የወደፊት የመውለድ ዕድል አይጎዳም።

ዝምታ የማይገባው ጉዳይ

እንደ ጨብጥ ያለ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ፣ የመቀደድ ቁስል፣ ድንገተኛ ፍርሃትና የባሕርይ ለውጥ የወሲብ ጥቃት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ጥቃት ሲጠረጠር ልጅቷን ሳይቆጡ ማዳመጥ፣ በተቻለ መጠን በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ሆስፒታል መውሰድና ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነውና። ይሁን እንጂ አብዛኛው ብግነት ከጥቃት ጋር ግንኙነት ስለሌለው ያለ ምርመራ ማንንም መወንጀል ተገቢ አይደለም። የሴት ልጅ ግርዛትም ለቁስልና ለኢንፌክሽን የሚያጋልጥ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 የተከለከለ ነው።

አንዲት ሕፃን ሕመሟን ያለ ሐፍረት ለእናቷ ወይም ለመምህሯ መናገር ከቻለች ቀላሉ ችግር ሳይከብድ ይታከማል፣ ከባዱም ሳይደበቅ ይታወቃል። ስለዚህ ልጆች የሰውነታቸውን ክፍሎች ስምና ንጽሕና ከቤት ጀምሮ እንዲያውቁ ማድረግ የወላጆችና የትምህርት ቤቶች የጋራ ኃላፊነት ነው።