የወባ ጣራ ከፍ ሲል

በከሚሴና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ወባ የምትቆጠረው በሳምንት ነው። ኮሌራ ወይም ኩፍኝ ከተጠረጠረ በዚያው ቀን ይነገራል፤ የወባ ቁጥር ግን ከጤና ኬላ ተነሥቶ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ፣ በዞንና በክልል በኩል በየሳምንቱ ለኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። እኛ የቅኝት ባለሙያዎች ቁጥሩን ስናይ አስቀድመን የምንጠይቀው «ጣራውን አልፏል ወይ?» ብለን ነው።

ጣራው ወረርሽኝ የሚጠረጠርበት ልክ ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች ይደረደራሉ፤ ከትልቁ ቀጥሎ ያለው ጣራ ይሆናል። 40፣ 55፣ 60፣ 70 እና 210 ናቸው እንበል፤ ጣራው 70 ነው። 210 የወረርሽኝ ዓመት ስለሚሆን ስሌቱ ይዘለዋል። ኮምፒውተር በሌለበት ጤና ኬላ እንኳ በእርሳስ ይሠራልና ዘዴውን እወደዋለሁ። ድክመቱም ግን ግልጽ ነው፤ ከአምስት ዓመት ውስጥ ክፉው አንድ ብቻ ነው ብሎ ይነሣል።

እንደ አገር ያየነው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 4.1 ሚሊዮን የወባ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ በ2024 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። እንዲህ ያሉ ዓመታት ሲደጋገሙ ራሳቸው መለኪያ ይሆናሉ። በምሳሌያችን 60 የነበረው 180 ቢሆን ጣራው 180 ላይ ይወጣል። ያኔ 150 ሰው የታመመበት ሳምንት «መደበኛ» ተብሎ ያልፋል፤ በቀድሞው ጣራ ቢሆን አጣሪ ቡድን ይወጣለት ነበር።

የአየር ንብረት ለውጥ ደግሞ ያለፈውን ለመጪው መስፈሪያ ማድረግን እያከበደ ነው። ሙቀት ሲጨምር የወባው ጥገኛ ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ ቶሎ ይበስላል። በደብረ ዘይት አካባቢ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ እንደምትወጣ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት በተከተለው ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል፤ ወረርሽኙ ወባ እምብዛም የማትታወቅባቸውን ከፍታዎችም አዳርሷል።

በእኛ ዞን ሌሎች ነገሮችም ይደረባሉ። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል በጨፋ ሜዳ ውኃ ያቁራል። በበጋ ከአፋር ጭምር አርብቶ አደሮች ሣር ፍለጋ ወደ ጨፋ ይመጣሉ፤ የታከመ ሰው የሚቆጠረው በታከመበት ነው፤ የት እንደተነደፈ መዝገቡ አይናገርም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ሲደርስ የተቋረጠው ሪፖርትም አለ። ያ ባዶ ቦታ ዜሮ ተብሎ ከተሞላ ጣራው በሌለ ቁጥር ይሰላል።

ከዞናችን ከተሞች ባቲን ለብቻዋ አነሣታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የታየው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለ የወባ ትንኝ በኋላ ከተገኘባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ይህ ትንኝ ዝናብ አይጠብቅም፤ ከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውኃ ይራባል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2022 በደረቅ ወቅት በወባ ስትመታ ተጠርጣሪው እሱ ነበር። ስለዚህ «ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ» የሚለው የቆየ ልማዳችን ለባቲ አይበቃም።

ስሌቱን እንጣለው አልልም። ባልደረቦቼን የምለምነው ሦስት ነገር ነው። የጎደለ ሪፖርት «የጎደለ» ተብሎ ይጻፍ። የወረርሽኝ ዓመት ተለይቶ ይታወቅና ጣራው ያለ እሱም ይሰላ። ከሳምንቱ ቁጥር ጎን የሳምንቱ ዝናብና ጎርፍ ይስፈር፤ ለዚህም ኮምቦልቻ ያለውን የሜትሮሎጂ ማዕከል መጠየቅ ይቻላል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በበጋ የውኃ በርሜልህን ክደን፤ ትኩሳት ከያዘህ ወቅቱ የወባ አይደለም ብለህ ሳትዘገይ ተመርመር። ያልተመረመረ ሰው በየትኛውም ጣራ አይቆጠርም።