የተሸረሸረ የግንብ መጋጠሚያ በሞቃታማው የአፋር ቆላ እንዴት ይጠገናል?

በጭፍራና በአካባቢዋ ዋናው የካርማ ዝናብ የሚጥለው ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። በቀሪው የዓመቱ ክፍል ግድግዳን የሚፈታተነው የቀን ሐሩርና አሸዋ ያዘለ ነፋስ ነው። የቤትን ግንብ የሚያዳክመው የሁለቱ መፈራረቅ ነው። ፀሐይ መጋጠሚያውን አድርቃ በቀጭኑ ትሰነጥቀዋለች፤ ነፋስ የላላውን አሸዋ ይጠርገዋል፤ ድንገት የሚወርደው ከባድ ዝናብ ደግሞ በተከፈተው ቀዳዳ ዘልቆ ወደ ግድግዳው ሆድ ይገባል። አብዛኛው ባለቤት ጉዳቱን የሚያስተውለው ከውስጥ በኩል ልስኑ ሲያብጥ ወይም ቀለሙ ሲላጥ ነው። በዚያን ጊዜ ግን መጋጠሚያው ከውጭ መበላት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል።

በጭፍራ ብዙው የግንብ ቤት የተሠራው በብሎኬት ሲሆን፣ መሠረቱ በድንጋይ የተገነባ ነው። የተቃጠለ የሸክላ ጡብ በአካባቢው እምብዛም አይታይም። የመጋጠሚያ ጥገና ሕግ ግን ለሦስቱም አንድ ነው፤ የሚለያየው የድብልቁ ጥንካሬና የሚቦረቦረው ጥልቀት ነው። በ2014 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ጉዳት ከደረሰባቸው ከተሞች አንዷ ጭፍራ በመሆኗ፣ ፈርሶ ከሚሠራው ቤት ጎን ለጎን ቆሞ የተረፈውን ግንብ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ የኑሮ ጉዳይ ነው። ሲሚንቶ ከሩቅ ተጓጉዞ በሚመጣበት ከተማ፣ በጥቂት ጣሳ ድብልቅ የሚድን ግድግዳ እስኪፈርስ ጠብቆ እንደገና መገንባት ከባድ ኪሳራ ነው።

ስለ መጋጠሚያ በስፋት የሚሠራበት ስህተት አንድ ነው፤ እርሱም «ጠንካራ ሲሚንቶ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው እምነት ነው። መጋጠሚያ የተሠራው ከብሎኬቱ፣ ከጡቡ ወይም ከድንጋዩ እንዲለሰልስ ነው። ግድግዳ በቀን ሙቀት ይለጠጣል፣ በሌሊት ቅዝቃዜ ይሰበሰባል፤ ይህንን እንቅስቃሴ ተቀብሎ መሸከም ያለበት በመካከል ያለው ድብልቅ ነው። እርጥበትም ቢሆን ወጥቶ የሚተንበት መንገድ ያስፈልገዋል። መጋጠሚያው ከጡቡ ከጠነከረ ግን ውሃው በጡቡ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ ጨውንም ይዞ ስለሚወጣ የጡቡ ፊት እየተላጠ ይወድቃል። የተበላሸ መጋጠሚያ ተቦርቡሮ ይታደሳል፤ ፊቱ የረገፈ ጡብ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

ለዚህ ከአገር ውስጥ የሚጠቀስ ትልቅ ምሳሌ አለ። በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጎንደር ፋሲል ግቢ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የግቢው ሕንፃዎች ሲጠገኑ ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ገባባቸው። ከዚያ በኋላ በተካሄደው የእድሳት ሥራ ያ ሲሚንቶ ለጥንቱ ግንብ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ እየተነሳ፣ በኖራ ድብልቅ መተካት አስፈልጓል። በቤተ መንግሥት ግንብ ላይ የታየው ችግር በአንድ ክፍል ቤት ላይም ይደርሳል፤ ልዩነቱ የቤቱ ባለቤት ሁለተኛ ጊዜ ለማስጠገን አቅም ላይኖረው መቻሉ ነው።

ጥገና ከመጀመሩ በፊት ግድግዳው መመርመር አለበት። ቀላሉ መንገድ በቢላዋ ጫፍ ወይም በምስማር መጋጠሚያውን መጫር ነው። ዱቄት ሆኖ የሚረግፍ ከሆነ፣ ወይም ወደ ውስጥ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ተበልቶ ከተገኘ፣ ጥገና ይሻል። ሳይረግፍ ጸንቶ የሚይዘውን ግን መንካት አያስፈልግም፤ ደህናውን መጋጠሚያ ከተጎዳው ጋር አብሮ መቦርቦር ግድግዳውን በከንቱ ማናጋት ነው።

ስንጥቅ ከሽርሸራ መለየት አለበት። ስንጥቁ መጋጠሚያውን ተከትሎ እንደ ደረጃ እየወረደ ከሄደ፣ ወይም ብሎኬቱን ራሱን ሰንጥቆ ካለፈ፣ ወይም በላይ ሰፍቶ በታች ከጠበበ፣ ምክንያቱ የመሠረት መስመጥ ወይም የምድር መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል። አፋር የስምጥ ሸለቆ ምድር ነው። ከሰመራ ብዙም በማይርቀው ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፍርሷል፤ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በዳባሁ አካባቢ መሬት ተሰንጥቋል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በአጎራባች ወረዳዎች የተደጋገመው መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶችን ሰነጣጥቆ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በድብልቅ ሞልቶ ማለፍ አደጋውን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም። ስንጥቁ በሁለቱም ወገን በእርሳስ ተሰምሮ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ለጥቂት ወራት እየሰፋ መሆን አለመሆኑ ይታያል፤ ከሰፋም የመሐንዲስ ጉዳይ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት የውሃው ምንጭ ነው። መጋጠሚያው ከጣሪያው ጫፍ በታች ብቻ ከተበላ ጥፋቱ የአሸንዳ ወይም የቆርቆሮው ማጠር ነው። ከመሬት ተነስቶ እስከ ጉልበት ቁመት ከተበላ ደግሞ፣ ከቆርቆሮ ወርዶ መሬት ላይ የሚፈናጠር ውሃ፣ ወይም ከወሎ ከፍታዎች ተነስቶ ወደ ቆላው የሚወርደው ጎርፍ፣ ወይም ከመሬት የሚሳብ ጨዋማ እርጥበት ነው። በቤቱ ዙሪያ ማርሻፔዴ ሳይሠራ፣ አሸንዳ ሳይገጠም፣ ጎርፉ በቦይ ሳይመለስ የሚደረግ ስቲላቱራ በቀጣዩ ካርማ ተመልሶ ይበላል።

ወቅቱን መምረጥ በቆላ አገር የሥራው ግማሽ ነው። ካርማ ሊገባ ሲል በግንቦትና በሰኔ መጠገን የብዙዎች ልማድ ነው፤ ሆኖም በአዋሽ ሸለቆ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፈው በእነዚሁ ወራት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቁ አይደለም፤ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ በመለወጡ ነው። ውሃው በሰዓታት ውስጥ ከተነነ ለውጡ በመንገድ ይቆማል፤ መጋጠሚያውም ሲያዩት ደርቆ የጠና መስሎ በጥፍር ሲፋቅ የሚረግፍ ይሆናል። የተሻለው ጊዜ ዝናቡ አቁሞ ሐሩሩ ከበረደ በኋላ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ነው። ግድግዳው የክረምቱን እርጥበት ለማውጣትም ጊዜ አግኝቷል። በሞቃት ወር መጠገን ግድ ከሆነ ሥራው በማለዳና በአመሻሽ ብቻ ይሠራል፤ ጠዋት የምዕራቡ ግድግዳ፣ ከሰዓት በኋላ የምሥራቁ፣ ግንበኛው ጥላውን ተከትሎ ይዞራል።

የተበላው መጋጠሚያ በቀጭን መሮና በቀላል መዶሻ ይቦረቦራል። ጥልቀቱ የመጋጠሚያው ስፋት ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ መሆን አለበት፤ 1 ሴንቲ ሜትር ለሚሰፋ መጋጠሚያ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በብሎኬት ላይ ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር ማለፍ አይገባም፤ ውስጡ ባዶ በመሆኑ ድብልቁ የሚያርፍበት ጠርዝ ቀጭን ነውና። ከላይ ብቻ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ፍቆ መቀባት ለዓይን ያምራል እንጂ በአንድ ዓመት ይላቀቃል። ቦዩ ካሬ ሆኖ ይወጣ እንጂ እንደ ማረሻ ጫፍ ሾጥጦ አይቅር። በመቁረጫ ማሽን መጠቀም ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን የጡቡን ጠርዝ በቀላሉ ይቆርጣል፤ በተለይ ቋሚዎቹን መጋጠሚያዎች በእጅ መሥራት ይሻላል። በአንድ ጊዜም ከአንድ ሜትር ካሬ ብዙ ሳይበልጥ እየተቦረቦረ እየተሞላ ይኬዳል። አቧራው በብሩሽ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ቦዩ ከላይ ወደ ታች በውሃ ይታጠባል። ሠራተኛው አፍንጫውን በጨርቅ፣ ዓይኑን በመነጽር ሊሸፍን ይገባል።

ስለ አሸዋና ስለ ውሃ በአፋር ምድር ከሌላው አገር ይልቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የወንዝ አሸዋ ጎርፍ ካመጣው ደለል ጋር የተቀላቀለ ነው። በግማሽ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አሸዋ ጨምሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ በደንብ በጥብጦ ለጥቂት ሰዓታት ማስቀመጥ ነው፤ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ይረጋል። የደለሉ ውፍረት ከአሸዋው አንድ አሥረኛ ከተጠጋ አሸዋው መታጠብ አለበት። ውሃውም እንዲሁ ነው፤ በሸለቆው ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ሲቀምሱት የሚጎመዝዝ ውሃ ለድብልቅ አይሆንም፤ ጨው ከግድግዳው እንደ ነጭ ዱቄት ወጥቶ መጋጠሚያውን ከውስጥ ይገፋዋል። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ለድብልቅም ይሆናል።

ለብሎኬትና ለጠንካራ የተቃጠለ ጡብ የሚስማማው ድብልቅ 1 ጣሳ ሲሚንቶ፣ 1 ጣሳ ውሃ ጠጥቶ የበረደ ዱቄት ኖራ፣ 6 ጣሳ አሸዋ ነው። ለለስላሳ ጡብና ለአሮጌ ግንብ 1 ሲሚንቶ፣ 2 ኖራ፣ 9 አሸዋ ይደረጋል። ኖራ ካልተገኘ 1 ሲሚንቶ ከ6 አሸዋ ጋር መጠቀም ይቻላል፤ ይሁንና ኖራ ውሃን ይዞ የማቆየት ጠባይ ስላለው ለሞቃት አገር ያለው ጥቅም ትልቅ ነው። በገበያ ካሉት የሲሚንቶ ዓይነቶች ለዚህ ሥራ ፒፒሲ በቂ ነው፤ ኦፒሲ ቶሎ የሚጠነክርና ለኮንክሪት የሚፈለግ ነው። ፒፒሲ ቀስ ብሎ የሚጠነክር በመሆኑ ግን ውሃ የሚጠጣባቸው ቀናት መብዛት አለባቸው። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ስለሚፈላ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ፤ ዓይን ከገባም ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ድብልቁ በመጀመሪያ ደረቁን ይደባለቃል፤ ከዚያ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ መዳፍን ግን የማያረጥብ እስኪሆን ብቻ ውሃ ይጨመርበታል። በአንድ ጊዜ የሚዘጋጀው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ያህል ይሁን። ጠንክሮ የነበረን ድብልቅ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ በየሥራው ቦታ የሚታይ ልማድ ነው፤ የሚያተርፈው ጥቂት ሲሚንቶ፣ የሚያጠፋው ግን ሙሉውን ሥራ ነው።

ግድግዳው ከመሞላቱ በፊት በነበረው ምሽትና ሥራው ሊጀመር ሲል በውሃ ይረጠባል። ውሃው በላዩ ላይ ሲያብረቀርቅ መሙላት አይገባም፤ ብርቅርቁ ጠፍቶ ጡቡ ጠቆር ብሎ ሲታይ ጊዜው ደርሷል። ድብልቁ ከመጋጠሚያው በቀጠነ ብረት ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ንብርብር፣ አንዱ በአውራ ጣት ሲጫኑት አሻራ ብቻ የሚቀበል ሲሆን ሌላው ይከተላል። የመጨረሻው ንብርብር ከጡቡ ፊት ጥቂት ገባ ብሎ፣ በክብ ብረት ወይም በቧንቧ ቁራጭ ተጫን ተደርጎ ይጨረሳል። ከጡቡ ወጥቶ እንደ ገመድ የሚታየው ስቲላቱራ በከተሞች ይወደዳል፤ ውበቱን የሚወድ ይውደደው፤ ግን በላይኛው ጠርዙ ላይ የዝናብ ውሃና አቧራ የሚያቁር መሆኑ መታወቅ አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ብዙ ጥገና የሚበላሽበት ነው። የተሞላው ግድግዳ በረጠበ ጆንያ ይሸፈናል፤ ጆንያው ከፀሐይና ከነፋስ እንዳይደርቅ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውሃ ይረጭበታል። ቢያንስ 7 ቀናት ያስፈልጋሉ። ውሃ በጄሪካን በሚቀዳበት ቤት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ስለዚህ ግድግዳውን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ ባለው ውሃ መጠን ከፋፍሎ መሥራት ብልህነት ነው። በጆንያው ላይ ፕላስቲክ መደረብ ውሃውን በእጅጉ ይቆጥባል፤ ድንገተኛ ዝናብ ቢመጣም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ድብልቁ እንዳይታጠብ ይከላከላል።

በጭቃ ተያይዞ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ለብቻው የሚታይ ነው። በላዩ ላይ ብርቱ ሲሚንቶ መቀባት በጭቃው ውስጥ ያለውን እርጥበት ያፍነዋል፤ ጭቃው እየላላ ሲሄድ የሲሚንቶው ቅርፊት ከነድንጋዩ ይገነጠላል። ለእንዲህ ያለ ግንብ የሚሻለው ከገለባ ጋር ተቦክቶ የቆየ ጭቃ፣ ወይም አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ነው፤ በየዓመቱ ከካርማ በኋላ የተበላውን መለጠፍም ይጠይቃል።

በዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ቢርካ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚፈለገው የማይተነፍስና ውሃ የማያሳልፍ መጋጠሚያ ስለሆነ፣ 1 ሲሚንቶ ከ3 አሸዋ ጋር ተደባልቆ፣ በላዩ በልስን ይሸፈናል። ጥገናው የሚደረገው ቢርካው ባዶ ሆኖ ሳለ ነው፤ ከተጠገነ በኋላም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ውሃ እየተሞላ የሚያንጠባጥብ ቦታ መኖሩ ከውጭ በኩል ይታያል።