ጥቁሩ ንጣፍ እንዴት ተነጠፈ?

ወዳጆቼ፣ ወጥ ቤታችሁ ያለው የማይዝግ ድስት ቢያንስ 10.5 በመቶው ክሮሚየም ነው፤ ከዚያ ካነሰ የማይዝግ ብረት አይባልም። ሞጆ ያሉ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉበት ጨውም የክሮሚየም ነው። የዚህ ሁሉ ምንጭ ክሮማይት የሚባል ጥቁርና ከባድ ማዕድን ነው። እንዴት እንደሚከማች ካወቅሁ ወዲህ ለብቻዬ ልይዘው አልቻልኩምና ላጫውታችሁ።

ለእኛ ለዴንቨርና ለአውሮራ ሰዎች ቅርቡ ምስክር ሞንታና ውስጥ ነው። ዋዮሚንግን አቋርጣችሁ አንድ ሙሉ ቀን ወደ ሰሜን ብትነዱ፣ በቤርቱዝ ተራሮች ሰሜናዊ ጠርዝ ላይ ስቲልዋተር የተባለውን ግዙፍ አለት ታገኛላችሁ። ከ2.7 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከጥልቅ የመጣ ቅልጥ አለት ገጸ ምድር ሳይደርስ ከርሰ ምድር ውስጥ ተኝቶ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ፤ ሲቀዘቅዝም ተነባበረ። ከታችኞቹ፣ ኦሊቪን የተባለ ማዕድን ከሚበዛባቸው ድርቦች መካከል ጥቁር የክሮማይት ንጣፎች ለኪሎ ሜትሮች ተዘርግተዋል። ጂኦሎጂስቶች ከኤ እስከ ኬ ብለው ሰይመዋቸዋል።

አሁን እንቆቅልሹን ስሙኝ። በአንድ ቶን ቅልጥ አለት ውስጥ ያለው ክሮሚየም አንድ ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ጥሩ ክሮማይት ግን በቶኑ ከ250 ኪሎ በላይ ይይዛል። ማን ሰበሰበው?

የመጀመሪያው መልስ መዝቀጥ ነው። ክሪስታሎቹ ከፈሳሹ ስለሚከብዱ፣ የቡና አተላ በጀበና ግርጌ እንደሚቀር ወደ ታች ይወርዳሉ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባልደረባ የነበረው ኢ. ዲ. ጃክሰን በ1961 ስቲልዋተርን በዝርዝር ያስረዳው በዚህ መንገድ ነበር። ነገር ግን ኦሊቪንና ክሮማይት አብረው ሲፈጠሩ የክሮማይቱ ድርሻ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ነው። እንዲያው ቢዘቅጡ የምናገኘው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የኦሊቪን አለት እንጂ ንጹሕ ጥቁር ንጣፍ አይሆንም።

ልቤን የወሰደው የጂኦሎጂስቱ የኒል ኢርቪን መልስ ነው። በ1975 ከጎን ያለው አለት ቀልጦ ሲሊካ ቢጨምርበት ምን እንደሚሆን አሳየ፤ በ1977 ደግሞ የሁለት ቅልጥ አለቶችን መቀላቀል። ቅልጥ አለቱ በተኛበት የከርሰ ምድር ማጠራቀሚያ ውስጥ የቆየው ፈሳሽ ኦሊቪንና ክሮማይት ሲጥል ኖሮ ክሮሚየሙ ሳስቷል፣ ሲሊካው በዝቷል። ከሥር አዲስና ትኩስ ፈሳሽ ይገባል። ሁለቱም ለየብቻቸው ክሮማይት ብቻ አይጥሉም። ሲቀላቀሉ ግን ውህዱ ክሮማይት ብቻ ወደሚፈጠርበት ክልል ይገባል! ለጊዜው ኦሊቪን ይቆማል፤ ጥቁሩ ማዕድን ብቻውን ይወርዳል። ሚዛኑ ሲመለስ ኦሊቪን እንደገና ይጀምራል፤ ሌላ ትኩስ ፈሳሽ ሲገባ ደግሞ ሌላ ንጣፍ ይነጠፋል። የንጣፎቹ መደጋገም ምሥጢሩ ይህ ነው።

ክርክሩ ግን አልተዘጋም። አንድ ሜትር ውፍረት ላለው ንጣፍ የሚበቃ ክሮሚየም ለማግኘት የብዙ መቶ ሜትር ቁመት ያለው ፈሳሽ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዳንዶች ክሪስታሎቹ ሌላ ቦታ ተፈጥረው ከፈሳሹ ጋር እንደ ጭቃ ጎርፍ መጥተው በክብደታቸው ተለያዩ ይላሉ። እኔ የኢርቪን ሐሳብ መሠረቱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጎርፉም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ስቲልዋተር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ የቁርጥ ቀን መጠባበቂያ ሆኖ ነበር፤ ክሮማይት የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነበርና። ማዕድን ማውጣቱ በ1943 ቆመ፤ ከ1953 እስከ 1961 ለመንግሥት ክምችት እንደገና ተቆፈረ። ብረት ስለሚበዛበት ግን ከባሕር ማዶው ክሮማይት ጋር ሊወዳደር አልቻለም። ዛሬ ከዚያው አለት የሚወጣው ፓላዲየምና ፕላቲኒየም ነው። ያንን ሀብት በ1973 ያገኙት የጆንስ ማንቪል ጂኦሎጂስቶች ናቸው፤ ኩባንያው ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ዴንቨር ነው፣ እኛም የምናውቀው በጣሪያ ሥራ ዕቃው ነው። በአገራችንም ፕላቲኒየም ያለበት የምዕራብ ወለጋው ዩብዶ ኦሊቪን የሚበዛበት አለት ነው፤ ነገር ግን እንደ ስቲልዋተር ለኪሎ ሜትሮች የተዘረጉ ንጣፎች የሉትም።

በሚቀጥለው ክረምት የሎውስቶን የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከፓርኩ ሰሜን ምሥራቅ ያለውን የቤርቱዝ አገር በጉዟችሁ ጨምሩት፤ ልጆቻችሁንም ከተራራው ሥር ምን እንደተነጠፈ ንገሯቸው።