በኔፓል ኮረብታዎች በጎ ፈቃደኛው ሲሄድ ምን ይቀራል?

በሂማላያ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው ኔፓል በርካታ ወጣት ወንዶች ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራትና ወደ ማሌዢያ ይሄዳሉ። በእርከን የታረሰው ኮረብታም ሆነ የልጆች አስተዳደግ በእናቶች ትከሻ ላይ ይወድቃል።

በጎ ፈቃደኞች ለእነዚህ መንደሮች እንግዳ አይደሉም። የአሜሪካ የሰላም ጓድ እ.አ.አ በ1962 ዓ.ም፣ ወደ ኢትዮጵያ በመጣበት ዓመት፣ ወደ ኔፓልም መምህራን ልኮ ነበር። በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት በ2004 ሥራውን አቋርጦ በ2012 ሲመለስ ትኩረቱን የምግብ ዋስትና ላይ አደረገ።

በኮረብታማ መንደሮች ከተስፋፉት አሠራሮች አንዱ ፍግን መከደን ነው። ሜዳ ላይ የተከመረ ፍግ ናይትሮጂኑን ፀሐይ ያተንበታል፤ ዝናብ ያጥብበታል። ዳስ ሥር የተቀመጠው ግን ኃይሉን ይዞ ማሳ ይደርሳል። ከበረት በቦይ የተጠራቀመ የከብት ሽንትም በውኃ ተበርዞ ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በትምህርት ቤት ጓሮ ያየውን ተማሪም ቤቱ ወስዶ ለእናቱ ሊያሳያት ይችላል።

እ.አ.አ በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሰላም ጓድ ፈቃደኞቹን ከያሉበት አገር ሁሉ ሲያስወጣ ግን አንድ ጥያቄ ጎልቶ ወጣ፤ ሥራውን ማን ይቀጥለው? ሙያው በፈቃደኛው እጅ ብቻ ከነበረ አብሮት ይሄዳል። የመንደሩ መምህርና የሴቶች ማኅበር ጠንቅቀው ከያዙት ግን እዚያው ይቀራል። የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚመዘነውም ፈቃደኛው ከሄደ በኋላ ባለው የመኸር ወቅት ነው።