የጠወለገ ተክል ውኃ ጠማው ማለት ነውን?



ከጊንጪ ሜዳ የተዛቀ ጥቁር አፈር፣ ገበሬዎቻችን ኮቲቻ የሚሉት፣ በጣሳ ሞልታችሁ አበባ ተከላችሁ እንበል። አበባው ሲጠወልግ ሁላችንም ውኃ እንጨምራለን። ስሕተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ይህ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ አየሩን አስወጥቶ ሥሩን ያፍናል። የታፈነ ሥር በውኃ ተከብቦም ውኃ መሳብ ይሳነዋል። ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ያጠጣነው በስንጥቁ ወርዶ ከታች ይፈስሳል፣ ሥሩም ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች አንድ መልክ አላቸው።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ጣታችሁን ወደ አፈሩ አስገቡ፤ ጣሳውንም አንሡ። ከቀለለና ከደረቀ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት። ከረጠበ ግን ሥሩን ተመልከቱ፦ ጤነኛው ነጣ ያለና ጠንካራ፣ የበሰበሰው ቡናማና ልፍስፍስ ነው። የበሰበሰውን ቆርጣችሁ አሸዋና ብስባሽ በተቀላቀለበት አፈር፣ ከሥሩ በተበሳ ጣሳ መልሳችሁ ትከሉት።

አፈሩም ሥሩም ደኅና ከሆኑ ግንዱን ቆርጣችሁ ጫፉን በንጹሕ ውኃ ውስጥ አንጠልጥሉት። ወተት መሰል ክር ቁልቁል ከወረደ፣ የውኃ መተላለፊያውን የደፈነው ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት የለውም።

ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ያስታወቁት የእንሰት አጠውልግ በሽታም የዚሁ ወገን ነው። ባልጸዳ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። በጣሳው የምንሳሳተው አንድ አበባ ያስከፍለናል፤ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ጓሮ ግን የአንድ ቤተሰብን የዓመታት ቀለብ ያጠፋል። ውኃ ከመጨመራችን በፊት እንመርምር፤ ቢላዋውንም በእሳት እናጽዳ።